አዳኝና ጠባቂ

አደን ከእርሻም ሆነ ከከብት እርባታ የቀደመ የሰው ልጅ ሥራ ነው። ሰው ዘር መዝራትን ከማወቁ በፊት ዱካ መከተልን ያውቅ ነበር። በአገራችንም የአዳኝ ስም ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ሰው በፉከራና በቀረርቶ ይወደስ፣ በግብር ላይ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ፣ ታሪኩም ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ይሁን እንጂ ዘመን ሲለወጥ የሰው ቁጥር በዝቷል፤ ዱሩም ጠብቧል፤ ጦር ለጠመንጃ ቦታውን ለቅቋል። ስለሆነም ለአባቶቻችን ያልቀረበላቸው ጥያቄ ለእኛ ቀርቦልናል። ይኸውም «አዳኝ ለሚያድነው እንስሳ ምን ዕዳ አለበት?» የሚል ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ በጥሞና ማሰብ የጀመርሁት በባሌ ደጋ በመምህርነት ሳገለግል ነው። በዚያ ያየሁትንና የሰማሁትን፣ እንደዚሁም ከመጻሕፍት የተረዳሁትን በዚህ ድርሰት አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሞቹ ጥቂት መናገር ይገባል፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና። በአማርኛችን «አጋዘን» የሚለው ቃል ለተለያዩ ቀንዳም የዱር እንስሳት ይነገራል። በአውሮፓና በእስያ የሚኖረውን ቅርንጫፋም ቀንድ ያለው እንስሳ ተርጓሚዎች አንዳንድ ጊዜ «ዋላ»፣ አንዳንድ ጊዜም «አጋዘን» ይሉታል። ሁለቱ ግን ዘራቸው የተለያየ ነው። የዋላ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱም እየወለቀ እንደገና ይበቅላል። የእኛው አጋዘን ቀንድ ግን ቅርንጫፍ የለውም፤ አንድ ጊዜ ከበቀለም ዕድሜ ልኩን አይወልቅም። ዋላ በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ቆርኬ፣ ሳላ፣ በሆርና አጋዘን እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዋላ ይልቅ ለፍየልና ለላም የሚቀርቡ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የፈረንጁን «ዋላ»፣ የእኛውን «የደጋ አጋዘን» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በተፈጥሮው አይገኝም። በኢትዮጵያም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ተራሮች ብቻ ተወስኖ ይኖራል። የውጭ አገር ሊቃውንት ያወቁት እጅግ ዘግይተው ነው። ሪቻርድ ላይደከር የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ፣ ባክስተን የተባለ የአገሩ ሰው ካገኘው ናሙና ተነሥቶ በጽሑፍ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ጠጉሩ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ሲሆን፣ በዓይኖቹ መካከልና በጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት አለው። ቀንዱ እንደ ክራር ክንዶች ግራና ቀኝ እየተለጠጠና እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ሴቷ ቀንድ የላትም። መልኩን ያላየ ተማሪ ቢኖር በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸውን የአሥር ሳንቲም ይመልከት፤ በአንድ ገጹ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ገጹ የደጋ አጋዘን ተቀርጾበታል።

በዲንሾ አቅራቢያ ጋይሳይ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጧት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የጭቁኝ ሽታ አየሩን ይሞላዋል። በዚህ ሜዳ ላይ ከአንድ አዛውንት የፓርክ ጠባቂ ጋር በዕረፍት ቀኖቼ ብዙ ጊዜ ተጉዣለሁ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ለአዳኞች ዱካ መሪ ነበሩ። ከጉዟችን በፊት ጥቂት ደረቅ ሣር ቆንጥረው ወደ ላይ ይበትኑና ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ይመለከቱ ነበር። «መምህር፣ አጋዘን በዓይኑ ከሚያይዎ ይልቅ በአፍንጫው ያውቅዎታል። ነፋሱ ከእርሱ ወደ እኛ ካልመጣ በቀር መድከማችን ከንቱ ነው» ይሉኝ ነበር።

ከእርሳቸው የተማርሁት ብዙ ነው። በጋራ አናት ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደማይገባ፣ ምክንያቱም ሰማዩ ከኋላ ሆኖ የሰውን ቅርጽ አጉልቶ ስለሚያሳይ፤ መንጋው አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ መራመድ፣ ቀና ሲል ግን እንደ ድንጋይ መቆም እንደሚገባ፤ ዱካ ሲታይ ጥርት ያለው ጠርዝ የዛሬ፣ የፈራረሰው የትናንት መሆኑን አስረድተውኛል። እንዲህ እያልን ስድሳ እርምጃ ያህል ድረስ እንቀርብ ነበር። እዚያ ስንደርስ አዛውንቱ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር ያወጡና ይጽፋሉ፤ እናቶች ስንት፣ ግልገሎች ስንት፣ ጎረምሶች ስንት፣ ቀንዳቸው የገዘፈ አውራዎች ስንት እያሉ። አንድ ቀን በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ «ድሮ እዚህ ስደርስ እጄ ወደ ቃታው ይሄድ ነበር፤ አሁን ወደ እርሳሱ ይሄዳል። እግሬ ግን ያው የድሮው እግር ነው።»

ይህ አባባል አዳኝና ጠባቂ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ መሆናቸውን አስገነዘበኝ። ሁለቱም ስለ ነፋስ፣ ስለ ዱካ፣ ስለ መንጋ ጠባይ ያውቃሉ። የሚለያዩት እውቀታቸውን በሚያውሉበት ነገር ነው። አያቴም በአርሲ ደጋ የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ግልገል ያስከተለች እናት ላይ አይተኩሱም፤ ያቆሰሉትን ሳያገኙ ወደ ቤት አይመለሱም፤ ከሚበላው በላይም አይጥሉም ነበር። ይህን ሕግ ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው። ስለዚህም አያቴን ሳስታውስ ክብሬ አይቀንስም። ይሁን እንጂ መልካም ልማድ ብቻውን ዛሬ አይበቃም። አያቴ እርሳቸው ባሉበት ጋራ ላይ ስንት እንስሳ እንደጣሉ ያውቃሉ፤ በቀሩት ጋራዎች ላይ ስንት ሌሎች አዳኞች ስንት እንደጣሉ ግን አያውቁም ነበር። መንጋን የሚጠብቀው የአንድ ሰው ጨዋነት ሳይሆን የሁሉ ሰው ድምር ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል 100 አጋዘኖች ያሉበት አንድ መንጋ አለ እንበል። በዓመት 20 ግልገሎች ይወለዳሉ፤ ነብርና ጅብ፣ በሽታና እርጅና ደግሞ 14 ይወስዳሉ። ትርፉ 6 ነው። አዳኞች ከዚህ ትርፍ ላይ 4 ቢወስዱ መንጋው ዓመቱን በ102 ይጨርሳል። 10 ቢወስዱ ግን ወደ 96 ይወርዳል። ከተገደሉት መካከል እናቶች ካሉበት ደግሞ ጉዳቱ በዚያ ዓመት አያበቃም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለዱት ግልገሎች 20 መሆናቸው ይቀራል። እንግዲህ ኃላፊነት ያለበት አደን ማለት ዋናውን ሳይነኩ ከትርፉ መውሰድ ማለት ነው። ዋናው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከመቁጠር በቀር ሌላ መንገድ የለም። ሳይቆጥር የሚተኩስ ሰው የዘር እህሉን ከሚበላ ገበሬ አይሻልም።

ይህ ሥርዓት በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ ስኮትላንድ መሻገር ይጠቅማል። ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት ሰሜን የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። በተራሮቿ ላይ ቀይ ዋላ በብዛት ይኖራል። ጥንት ዋላውን የሚያድነው ተኩላ ነበር፤ ሰዎች ተኩላውን ጨርሰው ካጠፉት ግን ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጠላቱ የጠፋለት ዋላ እየበዛ ሄደ። ዋላ ሲበዛ ደግሞ ዛፍ አያድግም፤ ከዘር የሚበቅለውን ችግኝ ሁሉ ገና ከጉልበት ሳያልፍ ይቀጨዋልና። ያረጁት ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ወጣት ዛፍ አይኖርም፤ ተራራውም ይራቆታል። በከባድ ክረምት ብዙ ዋላዎች በረኃብና በብርድ ያልቃሉ። በዚያ አገር መንጋውን አለመንካት ደግነት ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የጫካ ጥፋትና የእንስሳ ሥቃይ ነው።

ስለሆነም በስኮትላንድ ዋላ እየተቆጠረ በየዓመቱ የተወሰነው ይታደናል። አዳኙ በነፋሱ ግንባር እየተሳበ፣ በእርጥብ ቁጥቋጦ ውስጥ በደረቱ እየተጎተተ ይቀርባል። ከሩቅ በመነጽር ተመልክቶ ያረጀውን ወይም የደከመውን ይለያል። በአንድ ጥይት መግደል እንደሚችል ካላመነ አይተኩስም፤ አስፈላጊ ሲሆን የሰዓታት ድካሙን ትቶ ይመለሳል። ሥጋው ይበላል፣ ይሸጣልም። ግልገሎቻቸው ገና ጡት ባልጣሉበት ወቅት እናቶች እንዳይገደሉ ሕጉ የተከለከለ ጊዜ ይወስናል። ክሬግ ሜጊ በሚባለው ተራራ ይህ ሥራ ምን ፍሬ እንዳስገኘ ታይቷል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1985 ለተፈጥሮ ጥበቃ ከተገዛ በኋላ የዋላው ቁጥር በአደን እንዲቀንስ ተደረገ፤ አጥርም አልታጠረም። ከዚያ በኋላ ሰው ሳይተክላቸው ዛፎች ከነበሩበት ሸለቆ ተነሥተው ሽቅብ በቀሉ። እዚያም ቢሆን ክርክር አልጠፋም። ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ ለመግደል ገንዘብ የሚከፍሉ እንግዶች ስላሉ፣ አንዳንድ ባለርስቶች መንጋው እንዲበዛ ይፈልጋሉ ተብለው ሲወቀሱ ኖረዋል። አደን ለጥበቃ ሲባል መደረጉና ለኩራት ሲባል መደረጉ በውጤቱ እጅግ ይለያያል።

ታዲያ ስኮትላንዶች በአደን ጫካቸውን ካዳኑ እኛም እንዲሁ እናድርግ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። የእነርሱ ችግር ዋላው መብዛቱ ነው፤ የእኛ ችግር አጋዘኑ ማነሱ ነው። የእነርሱ ዋላ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ የእኛ የደጋ አጋዘን ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ ሲሆን፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተመዝግቧል። በእኛ ተራሮች ነብርና ጅብ ዛሬም አሉ። ከሁሉም በላይ አጋዘናችንን የሚያሳድደው ጥይት ብቻ አይደለም። ማረሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ የከብት መንጋ ሣሩን ይሻማዋል፤ እሳት ቁጥቋጦውን ይበላዋል፤ የመንደር ውሾች ግልገሉን ያባርራሉ። መኖሪያ ያጣ እንስሳ ማንም ባይተኩስበትም ይጠፋል።

መንጋ ምን ያህል በፍጥነት ሊያልቅ እንደሚችል የጋይሳይ ታሪክ ያስረዳል። ሌስሊ ብራውን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስለ ደጋ አጋዘን አጥንቶ አካባቢው እንዲጠበቅ ካሳሰበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በጥበቃው ምክንያት አጋዘኖቹ በረከቱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ግን ጥበቃው ላላ። ከሺህ በላይ ይገመት የነበረው መንጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተገድሎ ወደ 150 ገደማ ወረደ። የሃያ ዓመት ልማት በአንድ ሰሞን ጠፋ ማለት ነው። መልካሙ ነገር፣ ጥበቃው ሲመለስ መንጋውም ቀስ በቀስ ማገገሙ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ የምንማረው ተፈጥሮ ይቅር ባይ መሆኗን ነው፤ ይቅርታዋ ግን ዘር እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የአገራችን ሕግ አደንን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ልጓም አበጀለት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ አደን አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በኋላም በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከፓርኮች ውጭ ግን ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ፤ በእነዚህም ውስጥ ፈቃድ የያዘ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ በኮታ የተወሰነውን ያህል ማደን ይችላል። የሚፈለገው ዕድሜው የገፋ ወንድ ነው። ይህን የሚደግፉ ሰዎች «ጫካው ገቢ ካላመጣ ማን ይጠብቀዋል? ገንዘቡ መጥቶ ጫካው ካልታረሰ አንድ አውራ ሞቶ ብዙዎች ይኖራሉ» ይላሉ። የሚቃወሙትም «ቁጥሩ በትክክል ሳይታወቅ የሚሰጥ ኮታ ግምት ነው፤ ቁጥሩ ላነሰ እንስሳ ደግሞ የግምት ስሕተት የሞት ፍርድ ነው» ሲሉ ይመልሳሉ። እኔ ሁለቱንም አዳምጬ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው። ቆጠራው ከኮታው መቅደም አለበት፤ ከገንዘቡም በጫካው ዳር የሚኖረው ገበሬ ድርሻውን ማግኘት አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አደኑ ጥበቃ መሆኑ ይቀርና ሽያጭ ብቻ ይሆናል።

ስለ ገበሬው የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ወቅት ከጫካው አፋፍ ገብስ የሚዘሩ አንድ አባት እንዲህ ብለውኛል፦ «አጋዘኑ የመንግሥት ነው ይሉናል፤ ገብሱ ግን የእኔ ነው። ሌሊት የመንግሥቱ የእኔን ይበላል፤ ጧት እኔ የመንግሥቱን ብነካ እታሰራለሁ። እስቲ መምህር፣ አንተ ፍረድ!» ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። እኒህ ሰው የአጋዘን ጠላት አይደሉም፤ ሌሊቱን በብርድ ሲጠብቁ ያደሩ፣ የልጆቻቸው ቀለብ የጎደለባቸው አባወራ ናቸው። የከተማ ሰው በሳንቲም ላይ ያለውን አጋዘን ሲያደንቅ ምንም አይከፍልም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ጠብቁ» ከማለት በፊት ከጥበቃው ጥቅም ለእነርሱ ማካፈል ፍርድ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስምምነት ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ከብዙ ምዕተ ዓመት ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ሣሩን እየከለለ፣ ለዓመታት ዘግቶ እያቆየ፣ በስምምነት በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ እያጨደና እያስጋጠ ኖሯል። ጠባቂዎችን የሚመርጠው፣ አጥፊውንም የሚቀጣው ኅብረተሰቡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢዳከምም፣ ነዋሪዎቹ በአዲስ መልክ እንደገና አቋቁመውታል። በዚያ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ዛሬም ይገኛል። መከልከልንና መጠቀምን አስማምቶ መኖር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልስ ልስጥ። አዳኝ ለሚያድነው እንስሳ ሦስት ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው እውቀት ነው፤ ቁጥሩን፣ ዕድሜውንና የመውለጃ ጊዜውን ሳያውቅ እጁን እንዳያነሣ። ሁለተኛው ርኅራኄ ነው፤ የሚገድለውን እንዳያሠቃይ፣ የሚያጠባውን እንዳይነካ። ሦስተኛው መኖሪያ ነው፤ ለቀሪዎቹ ሣርና ጫካ እንዲተው። እነዚህን ዕዳዎች መክፈል የማይችል ሰው ጠመንጃውን ሊሰቅል ይገባል። ትርፍ በሌለበት መንጋ ላይ ደግሞ የሚከፈለው ዕዳ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አለመተኮስ ነው።

ከእናንተ ከተማሪዎች መካከል አብዛኞቹ ጠመንጃ አትይዙም፤ እንዲያውም የዱር አጋዘን በዓይናችሁ ያላያችሁ ትበዛላችሁ። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የመሬት አጠቃቀምን የሚያቅድ ባለሙያ፣ ሕግ የሚያረቅቅ ዐዋቂ፣ በጫካ ዳር የሚያርስ ገበሬ፣ የሚቆጥርና የሚመዘግብ ተመራማሪ ይወጣል። በየአካባቢያችሁ ስለ ድኩላው፣ ስለ ሚዳቋው፣ ስለ ቆርኬው የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነርሱ ያላቸው እውቀት በዕድሜያቸው ፍጻሜ አብሯቸው እንዳይቀበር ቀርባችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ። አንድ እንስሳ ስንት እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያውቅ ትውልድ ካለ፣ እንስሳው ጠበቃ አገኘ ማለት ነው።